ተራቸውን ለትምህርት ቤት የሰጡት ልብስ ሰፊ

አያ ይመር ማረፋቸውን የሰማሁት ደሴ፣ በምሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ከሐይቅ የመጣ አውቶቡስ ረዳት ወርዶ እንኳ አልነገረኝም። በሩ ላይ እንደተንጠለጠለ «ልብስ ሰፊው ጎረቤታችሁ ዛሬ ጧት ሞቱ፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ ይቀበራሉ» ብሎኝ አለፈ። በያዝኩት ጣውላ ላይ መስመር ጀምሬ ነበር። መስመሩን ጨርሼ፣ እርሳሴን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ወጣሁ። ለምን እንደጨረስኩት አላውቅም። ምናልባት እሳቸውም የጀመሩትን ስፌት ሳይቋጩ ከመኪናቸው ስለማይነሱ ይሆናል።

ሐይቅ ስደርስ ቀብሩ አልቆ ሰው ዳስ ውስጥ ተቀምጧል። ከዳሱ ውጭ ካኪ የለበሱ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በጀሪካን ውሃ ያመላልሳሉ። ሁለት መምህራን ጃኬታቸውን አውልቀው እንጨት ይፈልጣሉ። ከወልድያ ለቀብሩ የመጡ አንድ እንግዳ ልጆቹን ሲመለከቱ ቆይተው የቅሬውን ዳኛ ጋሽ መኮንንን ጠየቋቸው።

«እኒህ ልጆች የሟች ዘመዶች ናቸው?»

«የለም፤ የቅሬ አባል ናቸው» አሉ ጋሽ መኮንን።

«ልጆቹ?»

«ትምህርት ቤቱ።»

እንግዳው የገባቸው አልመሰለኝም። ቅሬ በእኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት የሚቀባበርበት ማኅበር ነው። አባል የሚሆነው ጎጆ የወጣ ሰው ነው። ትምህርት ቤት አባል የሆነበት ሌላ ቅሬ እኔ አላውቅም። ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከተማው ውስጥ ይወራል፤ የሚወራው ግን ልክ አይደለም። አንዳንዱ ከላይ መመሪያ ወርዶ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ርዕሰ መምህሩ ያሰቡት ነው ይላል። እኔ በዚያን ጊዜ የቅሬው ስም ጠሪ ነበርኩ። ከቀብር የቀረውንና የመጣውን የምመዘግበው እኔ ስለነበርኩ፣ የትምህርት ቤቱም ስም የተጻፈው በእኔ እጅ ነው። ስለዚህ ያየሁትን ልጻፍ።

አያ ይመር የሚሰፉት ከገበያው በላይ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን ባለች በረንዳ ላይ ነበር። እኔ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ እሠራ ነበር። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያወቅሁት ሁሉ ከተቀደደ ጋዜጣና ከውሰት መጽሐፍ የለቀምኩት ነው። በወፍጮው ጩኸት የተነሳ አያ ይመር ሁልጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይናገራሉ። ወፍጮው ድንገት ሲቆም ወሬያቸውን ገበያው ሁሉ ይሰማዋል። አንድ ቀን ስለ አንዲት ደንበኛቸው ወገብ ያሉትን ደንበኛዋ ራሷ ሽንኩርት ተራ ቆማ ሰማች።

መጥታ «አያ ይመር፣ ወገቤን የለኩት ለእኔ ነው ለገበያው?» አለቻቸው።

«ጨርቁ እንደማይበቃ ገበያው ምስክር ይሁነኝ ብዬ ነው» አሏት። ቀሚሷን ግን ከራሳቸው ጨርቅ ጨምረው ሰፉላት።

ሲሰፉ አራት አምስት እስፒል በከንፈራቸው ይይዛሉ። ተራ ወሬ ከሆነ እስፒሉን ሳያወጡ በአፋቸው ጠርዝ ያወራሉ። ቁም ነገር ሲመጣ ግን እስፒሎቹን አንድ በአንድ እያወጡ እጅጌያቸው ላይ ይሰካሉ። ወፍጮ ቤት የምንሠራው ይህን ስለምናውቅ ሦስተኛው እስፒል ሲወጣ ዝም እንላለን።

የተማሪ ካኪ ሱሪ ሲሰፉ ከታች አራት ጣት ያህል ወደ ውስጥ ያጥፋሉ። ያን ጊዜ ጨርቅ የሚገኘው ከቀበሌ ሱቅ በወረፋ ነበርና ወላጆች ይህን ያህል ጨርቅ ለምን ይደበቃል ብለው ይቆጣሉ። «ልጁ ያድጋል» ይላሉ፤ ሌላ ማብራሪያ የላቸውም። በዓመቱ ሱሪው ሲያጥር እናትየው ይዛው ትመጣለች፤ ስፌቱን ፈትተው ያወርዱላታል። ለዚህ ሥራ ዋጋ ሲቀበሉ አላየሁም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው፣ በብዙ ልጆች ሱሪ ላይ የድሮው እጥፋት የተወውን ያልነጣ መስመር ያያል። እሳቸውና ባለቤታቸው እቴ ሀዋ ልጅ አልወለዱም።

መምህርት አስቴር ከሸዋ ተመድባ የመጣች የሳይንስ መምህርት ነበረች። ከእኔ ብትበልጥ በአምስት ዓመት ነው። አንቱ እንዳልላት ስለከለከለችኝ እዚህም እንደፈቃዷ እጽፋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጧቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ግቢው ውስጥ ካለው ሾላ ሥር አንድ ክበብ አቋቁማ ነበር። የምታስተምረው በክፍል የማይሰጠውን ነው። ልጆቹ የሐይቁን ወፎች በየዓይነቱ ይቆጥራሉ፤ የዓሣ አጥንት ለቅመው መልሰው ይገጣጥማሉ፤ ሣጥንና በርጩማ ይሠራሉ። የነበራቸው አንድ መጋዝ ሲሆን እሱም ከአንድ አናጢ የተዋሱት ነው። ዝናብ ሲመጣ ክበቡ ይበተናል።

በጥቅምት ከአውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መጣላት። መላጊያዎች፣ መጋዞች፣ መሮዎችና አንድ ማይክሮስኮፕ ተፈቅዶላታል። ነገር ግን ዕቃው ሾላ ሥር አይቀመጥም። እስከሚቀጥለው መስከረም ቁልፍ ያለው ክፍል ካልተሠራ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሰጣል።

የወላጅ ኮሚቴው እሑድ ስብሰባ ጠራ። የመጣው ሰው ብዙ ነበር፤ ያልመጣ ቀበሌ ተጠርቶ ይጠየቃልና። ርዕሰ መምህሩ ተናገሩ፤ ተጨበጨበ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ተናገሩ፤ ተጨበጨበ። መዋጮ የሚለው ቃል ሲነሳ ግን ሰው ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። በእነዚያ ዓመታት ያልተዋጣለት ነገር አልነበረም። ሁሉም እጁን አውጥቶ ሐሳቡን ደገፈ፣ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ። ከሦስት ሳምንት በኋላ የተሰበሰበው ለአንድ በር እንኳ አይበቃም ነበር።

በዚያው ሰሞን አስቴር የተቀደደ የጋዋን ኪስ ልታሰፋ መጥታ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ምነዋ ፊትሽ?» አሉ አያ ይመር በእስፒሎቹ መሐል።

«ሰው አጨበጨበልኝ።»

«ማጨብጨብማ ሰዉ ሠልጥኖበታል።»

የሆነውን ነገረቻቸው። ወፍጮው እህል ጨርሶ ቆሞ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። እሷ ስትጨርስ እስፒሎቹ መውጣት ጀመሩ።

«አየሽ ልጄ፣ ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። መዋጮ ሲባል ኪሱን ይይዛል። ቅሬ ሲባል መጥረቢያውን ያነሳል። አንች በቅሬ ጥሪው።»

«የሞተ ሰው የለማ፣ አያ ይመር።»

«ቅሬ ለሞተ ብቻ ነው ያለሽ ማነው? የአባል ቤት ሲወድቅም ሲቃጠልም የምንሠራው እኛው ነን። በዓመት አንድ ቤት፣ ክረምት ሳይገባ።»

«ትምህርት ቤቱ አባል አይደለም።»

«ይሁና።»

«እንዴት ተደርጎ?»

«አባል የሚኮነው በመቅበር ነው። መጀመሪያ ቅበሩ፤ ከዚያ ትጠይቃላችሁ።»

አስቴር ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም። የመጨረሻውን እስፒል እጅጌያቸው ላይ ሰክተው ጋዋኑን አነሱ።

ርዕሰ መምህሩ ነገሩን ሲሰሙ ፈሩ። መመሪያው ምን ይላል አሉ። አያ ይመር ራሳቸው ቢሮ ድረስ ሄደው «ጓድ ርዕሰ መምህር፣ ለለቅሶ ቤት ውሃ መቅዳት የሚከለክል መመሪያ ካለ አሳዩኝና እመለሳለሁ» አሏቸው። ርዕሰ መምህሩ ፋይላቸውን አገላብጠው አላገኙም። ስለዚህ እንዲህ ተስማሙ፤ ቀብር ሲኖር ከሰዓት የሚማሩት ጧት፣ ጧት የሚማሩት ከሰዓት እየሄዱ ውሃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይሸከማሉ። ማንም ከክፍሉ አይቀርም።

የመጀመሪያው ቀብር በኅዳር የአንዲት ባልቴት ነበር። ለተማሪዎቹ ምን እንደሚያደርጉ በቅጡ የነገራቸው ስላልነበረ፣ የሰውነት ማጎልመሻው መምህር እንደሚያውቀው አድርጎ አመጣቸው። ስምንተኛ ክፍሎች በሁለት ረድፍ፣ ባንዲራ ከፊት አስቀድመው፣ እግራቸውን እያነሱ ዳሱ ደጃፍ ደረሱ። «ቁም!» ሲባል አቧራው ተነሳ። ለቀስተኛው ባለሥልጣን የመጣ መስሎት ብድግ አለ። አንድ ሽማግሌ ከልማድ የተነሳ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ አጠገባቸው የነበረው ሰው እጃቸውን ያዘ።

ሟቿ ያሳደጓት ልጅ ፊቷን በነጠላ ሸፈነች። እያለቀሰች ነው ወይስ እየሳቀች መለየት አልቻልኩም።

አያ ይመር ተነስተው ባንዲራ ወደ ያዘው ልጅ ሄዱ። «ይኸ በክብር እዚህ ይቆይልን» ብለው ከዛፉ ጋር አቆሙት። ከዚያ ለልጆቹ ሁሉ «አብሽሩ፤ አመጣጣችሁ ጥሩ ነው፤ የጎደላችሁ ጀሪካን ብቻ ነው» አሏቸው። ከሁለተኛው ቀብር ጀምሮ በእግራቸው እንደ ሰው መጡ።

ከኅዳር እስከ ግንቦት ድረስ ትምህርት ቤቱ ከአንድም ቀብር አልቀረም። እኔ ከዝርዝሩ ግርጌ ለብቻ አንድ መስመር አስምሬ እመዘግብ ነበር፤ እንዳደርግ ያዘዘኝ ሰው ግን አልነበረም።

በግንቦት የቅሬው ጠቅላላ ስብሰባ በዋርካው ሥር ተደረገ። ዋናው ጉዳይ የዓመቱ ቤት ነው። የተራ ዝርዝሩ እኔ ዘንድ ነው። በዚያ ዓመት አንደኛ የነበሩት አያ ይመር ራሳቸው ናቸው። የቤታቸው የምዕራብ ግድግዳ በጥር ተደርምሶ፣ ጆንያ እርስ በርሱ ሰፍተው ጋርደውት ነበር። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር፤ ይሁን እንጂ ጆንያ ጆንያ ነው።

አያ ይመር ተነስተው «ትምህርት ቤቱ አባል ይሁንልኝ» አሉ።

ጋሽ መኮንን ቃላቸው አጭር፣ ሕግ ላይ የማይለሳለሱ ሰው ናቸው። «ትምህርት ቤት ይሞታል?» አሉ።

«ይዘጋል።»

«ያለቅሳል?»

«ሰባት ወር ሙሉ ከእኛ ጋር ሲያለቅስ ከርሟል። ስም ጠሪው ይናገር።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ በስብሰባ ላይ ስም ከመጥራት በቀር ተናግሬ አላውቅም ነበር።

«አንድም ቀን አልቀረም» አልኩ። «በእነዚህ ሰባት ወራት አንድም ቀን ያልቀሩት አራት ናቸው። አንዱ ትምህርት ቤቱ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው «ሦስቱን አትጥራቸው፤ እኛ የቀረነው እንታወቃለን» አለና ሳቅ ሆነ።

ጋሽ መኮንን ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ። «እሺ፤ አባል ይሁን» አሉ። «አባል ግን ተራ አለው። አዲስ የገባ ከመጨረሻ ነው የሚጻፍ። ከፊቱ ዘጠኝ ቤት አለ። ተራው ሲደርስ እንሠራለታለን።»

ልክ ነበሩ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ከሴቶቹ ጋር የተቀመጠችው አስቴር አንገቷን ደፋች። መስከረም ሊጠባ አራት ወር አልቀረውም።

የአያ ይመር እጅ ወደ ከንፈራቸው ሄደ፤ እስፒል ግን አልነበረም። እጃቸውን ካወረዱ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ።

«የዘንድሮ ተራ የማነው?»

እያወቁ ነው የጠየቁኝ። «የአንቱ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው ለትምህርት ቤቱ ሰጥቻለሁ። እኔን ከመጨረሻ ጻፈኝ።»

ከዚያ ጋሽ መኮንን «ይመር፣ ግድግዳ የለህም እኮ» አሉ።

«ሦስት አለኝ።»

«ክረምት ሊገባ ነው።»

«በየዓመቱ ይገባል።»

«ሀዋስ ታውቃለች?»

አያ ይመር ጋቢያቸውን አነሱና «ከእናንተ አፍ ሳትሰማ ቀድሜያችሁ ልድረስ» ብለው ስብሰባው ሳይበተን እየሮጡ ሄዱ። እሳቸውን ሲሮጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በኋላ እንደሰማሁት አልቀደሙም። አንዲት ጎረቤት በጓሮ በኩል አቋርጣ ደርሳ ነበር።

በማግስቱ አስቴር በረንዳው ላይ መጥታ ቆመች፤ አልተቀመጠችም። «ለምን አስቀድመው አልነገሩኝም?» አለች።

«ብነግርሽ ትከለክይኛለሽ። ብትከለክይኝ ደግሞ እሰማሻለሁ። ታዲያ ምን ረባን?»

«እቴ ሀዋ ምን አሉ?»

«ምንም። ቁርስ የቀረበልኝ በምልክት ነው።»

ቤቱ መሠራት የጀመረው በግንቦት መጨረሻ ነው። ዓርብ እስላሙ፣ እሑድ ክርስቲያኑ ስለማይሠራ ሁለቱን ቀናት ትተን በቀሩት ሠራን። ድንጋዩ ከሐይቁ ዳር መጣ። የባሕር ዛፍ ምሰሶውን በአምባሰል ተራራ በኩል ያሉ የአባላት ዘመዶች በአህያ ጭነው አወረዱ። ጭዱን እያንዳንዱ ቤት አንድ አንድ ጆንያ አመጣ። ከሜዳ የማይገኘው ቆርቆሮ፣ ምስማርና ቁልፍ ነበር። ለእሱ ዓሣ አስጋሪዎቹ የአንድ ጧት ዓሣቸውን ሰጡ፤ የወፍጮ ቤቱ ጌታ የአንድ ቀን ገቢ ለቀቀ፤ ሴቶቹ ቅቤና እንቁላል ገበያ ላይ ሸጡ። የመጣው ሰው በዚያ እሑድ ስብሰባ ላይ አጨብጭቦ የሄደው ያው ሰው ነው። አንድ በአንድ ስለማውቃቸው ነው ይህን የምለው። መዋጮ የሚል ቃል ከማንም አፍ አልወጣም።

እቴ ሀዋም አባል ናቸውና እንስራቸውን አዝለው ይመጡ ነበር። ጭቃው ውስጥ ውሃውን ገልብጠው ባላቸውን ሳያዩ ይመለሳሉ። ሴቶቹ ይነካኳቸዋል።

«እቴ ሀዋ፣ ባልሽ ቤትሽን ለተማሪ ሰጠ አሉ።»

«ቤቱንማ መች ሰጠ፤ ግድግዳውን ነው እንጂ። እኔን ከነጆንያው ትቶኛል።»

ቆርቆሮው የተመታው ሐምሌ ሊገባ ሲል ነው። የክረምቱ ዝናብ አዘል ነፋስ ከምዕራብ ነው የሚመጣው፤ ይኸም ጆንያው ባለበት በኩል ነው። አያ ይመር አልጋቸውን ወደ ምሥራቁ ግድግዳ አስጠጉ። የደንበኛ ጨርቅ እንዳይረጥብባቸው ወፍጮ ቤት አምጥተው እኔ ዘንድ አስቀመጡት። ሳል ያዛቸው፤ እስፒል በአፋቸው መያዝ ተውና ልብሳቸው ላይ ብቻ ይሰኩት ጀመር። እቴ ሀዋ ግን ቂማቸውን አልለቀቁም። ሻዩ ይቀርባል፤ ልብሱ ይታጠባል፤ ቃል የለም።

በነሐሴ አጋማሽ አንድ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጣለና ጆንያው ከነተንጠለጠለበት እንጨት ወደቀ። ጎረቤት ተጯጩሆ ዕቃ ማውጣት ስንጀምር ጋሽ መኮንን ከነዱላቸው ደረሱ። ያለ ብዙ ንግግር የአያ ይመርን የስፌት መኪና ራስ አንስተው ታቀፉ። «ሕጉ ሌላ፣ ዝናቡ ሌላ። ኑ እቤት» አሉ። ባልና ሚስቱ ክረምቱ እስኪወጣ ጋሽ መኮንን ቤት ቆዩ። እዚያም ቢሆን እቴ ሀዋ የሚነጋገሩት ከቤቱ እመቤት ጋር ብቻ ነበር።

በመስከረም ዕቃው በጭነት መኪና መጣ። የአውራጃው ሰው ክፍሉን ዞሮ አየ፣ ቁልፉን ሁለቴ ከፍቶ ዘጋ፣ ፈረመ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ልጆቹ ሲገቡ እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ክፍሉ ለተማሪ ብቻ መሆኑን ተናግረዋል፤ እኔ ደግሞ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነኝ። አያ ይመር የልጆቹን የሥራ ሽርጥ ሰፍተው ይዘው ሲመጡ አዩኝ።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ተማሪ አይደለሁም።»

ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞሩ። «ጓድ፣ ይኸ የአባል ቤት ነው። አባል በአባል ቤት ደጃፍ አይቆምም» አሉና እንዳስገቡኝ አንድ ሽርጥ ሰጡኝ። ያን ቀን መላጊያ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዝኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ቅዳሜ አልቀረሁም። ዛሬ የምኖርበት ሙያ እዚያ የጀመርኩት ነው። ይህን በሕይወት ሳሉ አንድ ጊዜ ልነግራቸው ሞክሬ፣ «ታዲያ ገና ታድጋለህ» ብለው ወሬውን ቀየሩብኝ።

የእሳቸው ቤት በተከታዩ ዓመት ግንቦት ተሠራ። በዝርዝሩ ላይ ከመጨረሻ ነበሩ፤ ከፊታቸው ያሉት ግን አንድ በአንድ እየመጡ እለፈኝ አሉኝ። ጋሽ መኮንን ይህን በወሬ አልተቀበሉም። በስብሰባ ላይ እያንዳንዱን በስሙ አስጠርተው፣ ተራውን ለይመር መልቀቁን በገዛ አፉ አስነገሩት።

ከሁሉ ይልቅ የማስታውሰው ግን ክበቡ በአዲሱ ክፍል የዋለበትን ሦስተኛ ቅዳሜ ነው። አስቴር ለልጆቹ ማይክሮስኮፑን እያሳየች ነበር። አያ ይመር ጥግ ላይ ቁጭ ብለው የተቀደደ ሽርጥ ይሰፋሉ። እቴ ሀዋ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አስረው በሩ ላይ ቆሙ።

«እንደምን ዋላችሁ። ግድግዳዬን ለማየት ነው የመጣሁ» አሉ።

አስቴር ወደ አያ ይመር አየች። እሳቸው መርፌ የጠፋባቸው ይመስል መሬት ላይ ይፈልጋሉ።

«የትኛው ነው የእኔ?» አሉ እቴ ሀዋ።

አስቴር ጥቂት አሰበችና በምዕራብ በኩል ወዳለው፣ መጋዞቹና መላጊያዎቹ ወደተሰቀሉበት ግድግዳ ወሰደቻቸው። «ይኸ ነው፣ እቴ ሀዋ» አለች።

እቴ ሀዋ መዳፋቸውን አሳረፉበት። ከላይ ወደ ታች ዳበሱት፤ በጣታቸው አንኳኩ፤ ጥጉ ላይ የነበረች ቀጭን ስንጥቅ ጋ ቆሙ።

«ማነው የመረገው?»

መራጊዎቹ መሐል እኔም ነበርኩ።

«ወንድ ነው የመረገው። ጭዱ አልበቃውም» አሉ።

አንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ «እቴ ሀዋ፣ ይምጡ ይዩ» ብላ ወደ ማይክሮስኮፑ ጎተተቻቸው። እቴ ሀዋ መጀመሪያ በሁለቱም ዓይናቸው ለማየት ሞከሩ፤ ልጅቷ አንደኛውን በእጇ ከደነችላቸው። ረጅም ጊዜ ጎንበስ ብለው ቆዩ።

«ቤት ነው እንዴ? ክፍል በክፍል ነው።»

«የሽንኩርት ልጣጭ ነው።»

«ይኸ ሁሉ ግድግዳ?»

«አዎ።»

እቴ ሀዋ ቀና አሉ። ከግንቦት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባላቸው ዞሩ።

«ይመር» አሉ፣ «ሽንኩርት እንኳ ግድግዳ አለው።»

አያ ይመር ሽርጡን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። መጀመሪያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ሳላቸው እስኪነሳ ድረስ ሳቁ። ልጆቹ ሳቁ፤ አስቴር ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። እቴ ሀዋ አልሳቁም፤ ግን ሄደው ከአያ ይመር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጡና ሽርጡን ከእጃቸው ወስደው ስፌቱን ይመለከቱ ጀመር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከስድስት ሴቶች ጋር ጭቃ አቡክተው መጡ። መጋዞቹን አወረድን፤ ክበቡ ለዚያ ቀን ወደ ሾላው ሥር ተመለሰ። ሴቶቹ ግድግዳውን እንደገና ሲመርጉ አያ ይመር ውሃ አቀባይ ሆኑ። «ይመር፣ ውሃ» ይላሉ እቴ ሀዋ። «እሺ» ይላሉ። «ይመር፣ በዛ።» «እሺ።» ግድግዳው እስኪያልቅ ድረስ እንዲህ ሲጠሯቸው፣ እሳቸውም አቤት ሲሉ ዋሉ።